ገንዘብህን ላክ፤ ትዕዛዝህን እዚያው አስቀር

የአንባቢ ደብዳቤ

«እንዴት ነዎት? ተወልጄ ያደግሁት ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ነው። ሐምቡርግ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ወደብ ላይ በዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት እሠራለሁ። ዜግነቴ ጀርመናዊ ነው፤ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ አለኝ። የእህቴ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጅማ ላይ ስታርትአፕ ጀምሯል። ሦስቱም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ናቸው። የቡና ገበሬዎችን ማሳ በስልክ ጂፒኤስ እየመዘገቡ መረጃውን ለላኪዎችና ለማኅበራት መሸጥ ይፈልጋሉ። አውሮፓ ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ካልተነገረው አልቀበልም ሊል ነውና ሐሳቡ ጥሩ ይመስለኛል። 15,000 ዩሮ እንዳስገባና አማካሪ እንድሆናቸው ጠየቁኝ። እኔ 30 በመቶ ድርሻ ልጠይቅ አስቤያለሁ።

ችግሬ ርቀቱ ነው። ስልክ አንዳንዴ ነው የሚያነሱት። በየሳምንቱ ሪፖርት ላኩ አልኳቸው፤ ትንሽ ልከው ተዉት። ባለፈው አፑን በቪዲዮ አሳዩኝና ‹ይሄ ለፈረንጅ አይገባም፣ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ አድርጉት› አልኩ። ሁለት ወር ፈጅተው ቀየሩት። ከዚያ ገጠር የሚወጡት ልጆች አልተመቻቸውም አሉኝ። ለምን ያኔ አልነገራችሁኝም? ስላቸው ዝም። ታላቅ ወንድሜ ጡረታ ወጥቶ እዚያው ጅማ ነው። ሙሉ ውክልና ሰጥቼው እሱ ይቆጣጠርልኝ? እህቴ ደግሞ በደወለች ቁጥር ‹ልጄን እንዳትጥለው› ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?

የቦሳ ልጅ፣ ከሐምቡርግ»

መልስ

ሰላም የቦሳ ልጅ፣

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥህ። ለወንድምህ ሙሉ ውክልና አትስጥ። 30 በመቶ አትጠይቅ። 15,000ውን ዩሮ በአንድ ጊዜ አትላክ። ልጆቹን ግን እምቢ አትበላቸው። የያዙት ነገር ሥራ ነው። አንተም ልብ ሳትለው ቀርተህ እንጂ ከገንዘብህ የሚበልጥ ነገር እጅህ ላይ አለ። ወደ እሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ዝምታውን እንየው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ነው የሚነሳው።

«ለምን ያኔ አልነገራችሁኝም?» ብለሃቸዋል። እነሱ ካልመለሱልህ እኔ ልመልስልህ። አጎት ስለሆንክ ነው። ለአንዱ አጎት ነህ፤ ለሁለቱ ደግሞ «የእሱ አጎት» ነህ። ጅማ ያደገ ልጅ ጀርመን ለሚኖር፣ ገንዘብ ሊሰጠው ላሰበ፣ እናቱ ስሙን አንስታ ለማትጠግበው ሰው «ተሳስተሃል» አይልም። «እሺ ጋሼ» ነው የሚለው። ከዚያ ስልኩን ይዘጋና ከጓደኞቹ ጋር ሁለት ወር ይለፋል። አንተ ሐሳብ የሰጠህ መስሎህ ነበር። እዚህ የደረሰው ትዕዛዝ ነው።

ርቀቱ ደግሞ ያባብሰዋል። አንድ ክፍል ውስጥ ብትሆኑ ኖሮ ያን ስትናገር እርስ በርስ ሲተያዩ ታይ ነበር። በቪዲዮ፣ ያውም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ይሄ አይታይም። ስልክ የማያነሱበትም ምክንያት ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ገንዘብ ሲያልቅ፣ ደንበኛ ሲሸሽ፣ አንዱ ከሌላው ሲኮራረፍ ለአጎት ስልክ ማንሳት ይከብዳል። ስለዚህ ዝም ሲሉህ «ናቁኝ» ብለህ አትጀምር። አንድ ነገር ተበላሽቶባቸው ይሆናል።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። የሥራ ወሬ የምታወራው ከእህትህ ልጅ ጋር አይሁን። ከሁለቱ ጓደኞቹ አንዱን ምረጥ። ዘመድ ያልሆነ ሰው ቢያንስ እናቱ ምን ትላለች ብሎ አይጨነቅም። የእህትህ ልጅ ሲደውልልህ ስለ ጤናው፣ ስለ አያቱ፣ ስለ ኳስ አውሩ። ሐሳብ ስትሰጥ ደግሞ በጽሑፍ ስጥ፤ መጨረሻው ላይ «ይሄ የእኔ ግምት ነው፤ ገጠር የሚወጡት ልጆች ካልተስማሙ ጣሉት» በል። አንድ ቀን እውነትም ይጥሉታል። ያን ቀን የምትመልሰው መልስ ከምትልከው ገንዘብ ይበልጣል። «ጎሽ፣ ምክንያታችሁን ንገሩኝ» ካልክ ከዚያ በኋላ እውነቱን ትሰማለህ። ቅር ካለህ ግን ለዘለዓለም «እሺ ጋሼ» ነው።

የአፑ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ለፈረንጅ አይገባም» ብለሃል። ፈረንጁ አፑን መቼ ይከፍተዋል? አፑን የሚከፍተው ጅማ ዞን፣ ጎማ ወይም ማና ወረዳ፣ ከገበሬ ጋር ማሳ ዳር የቆመ ወጣት ነው። ከገበሬው ጋር የሚግባባው በአፋን ኦሮሞ ነው። የያዘው ስልክ ርካሽ ነው፤ ባትሪው ማታ ድረስ አይቆይም። ብዙ ቦታ ኔትወርክ የለም። መረጃው ስልኩ ላይ ተቀምጦ ከተማ ሲገቡ ነው የሚላከው። የኛ ቡና ደግሞ ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። ዛፉ ጥቅጥቅ ሲል ጂፒኤሱ ይዋዥቃል፤ የከበደ ማሳ ጎረቤቱ ላይ ሊመዘገብ ይችላል። ይሄን ሁሉ የሚያውቀው ጭቃውን የረገጠው ልጅ ነው። ፈረንጁ የሚያየው ከአፑ የሚወጣውን ፋይል ብቻ ነው። እሱ በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ማንም አይከፋም።

ሌላም ነገር አለ። እኛ አገር መሬት ሊለካ የመጣ ሰው በጥሩ ዓይን አይታይም። ግብር ሊጨምሩብኝ ነው? ይዞታዬን ሊነኩት ነው? ለልጄ ያወረስኩትን ሊቆርጡት ነው? ገበሬው እንዲህ ቢጠረጥር አልፈርድበትም። አንተ ከሐምቡርግ ሆነህ ልትጠይቃቸው ከምትችላቸው ምርጥ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ ገበሬው ዘንድ ስትደርሱ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ ምንድን ነው? ምን ታስፈርሙታላችሁ? እሱስ ምን ያገኛል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው ስም፣ ስልክና የማሳውን ቦታ ሰብስቦ ለሌላ መሸጥ እንዲሁ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ልብ በል፣ ጠይቃቸው እንጂ መልሱን አንተ አትጻፍላቸው።

አሁን ወዳልኩህ ነገር ልምጣ።

አንተ የተቀመጥከው ሐምቡርግ ነው። የአውሮፓ ቡና ከሚራገፍባቸው ትልልቅ ወደቦች አንዱ። ጀርመን ደግሞ የኢትዮጵያ ቡና ዋና ገዢ ከሆኑት አገሮች ውስጥ ናት። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2023/1115 የሚባለው፣ ልጆቹ ሥራቸውን የመሠረቱበት ሕግ፣ የሚጠይቀው ነገር እንዲህ ነው፦ ቡናው በፈረንጆች ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት እንዳልመጣ፣ የትኛው ማሳ ላይ እንደበቀለም ይታወቅ። ኃላፊነቱ በመጀመሪያ የሚወድቀው ቡናውን ወደ አውሮፓ ገበያ በሚያስገባው ድርጅት ላይ ነው። ይሄ ማለት መረጃው የሚያስጨንቀው ሰው፣ ካልተሟላ የሚቀጣው ሰው፣ ምናልባትም የሚከፍለው ሰው ያለው አንተ ጋ ነው። ከቢሮህ በባቡር የምትደርስበት ቦታ።

ሦስቱ ልጆች ለእነዚህ ሰዎች ኢሜይል ቢጽፉ ማን ያየዋል? አንተ ግን ጀርመንኛ ትናገራለህ። ወደብ ላይ ሰው ታውቃለህ። ሄደህ ቡና ጠጣና ጠይቅ። ሕጉ እንደሚለው ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው በሙሉ መመዝገብ አለበት፤ ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል። የኛ ገበሬ ማሳ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ዙሪያውን መዞርና አንድ ነጥብ ወስዶ መሄድ ደግሞ በድካምም በወጪም ሰማይና ምድር ናቸው። ግን አንዳንድ ገዢ ሕጉ ባያስገድደውም ዙሪያውን ሊፈልግ ይችላል። የትኛው ነው የሚፈልገው? ፋይሉ በምን ዓይነት ይምጣለት? ላኪው እንዲከፍል ይጠብቃል ወይስ ራሱ ይከፍላል? እነዚህን ጥያቄዎች መልሰህ ብትልክላቸው ለልጆቹ ከገንዘብህ የበለጠ ሰጠሃቸው።

አንድ የሚያስፈራኝን ነገርም ልንገርህ። ሕጉ በሥራ ላይ ሊውል የነበረው በፈረንጆች 2024 መጨረሻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተገፍቷል። ብራስልስ ቀን በገፋ ቁጥር እዚህ ላኪው ኪሱን ይዘጋል። «ገና ነው፣ ቆይ» ይላል። የልጆቹ ደመወዝ ግን አይገፋም። በዚያ ላይ ማሳ መመዝገብ የእነሱ ብቻ ሥራ አይደለም። በመንግሥትም፣ በማኅበራትም፣ በውጭ ፕሮጀክቶችም ገበሬውን በነፃ የሚመዘግቡ አሉ። ነፃ ባለበት ገበያ ለምን ለእነሱ ይከፈላል? ጥሩ መልስ ሊኖራቸው ይችላል። ምናልባት የተመዘገበውን አጣርተው ስህተቱን ያርሙ ይሆናል። ምናልባት ከማሳው እስከ ጆንያው ድረስ ይከታተሉ ይሆናል። ቡና ከብዙ ገበሬ ተሰብስቦ ሲደባለቅ ነው ጣጣው፤ ነጥብ መውሰዱማ ቀላሉ ክፍል ነው። ይሄን መልስ ከአፋቸው ሳትሰማ ሳንቲም አትላክ።

ወደ ገንዘቡ እንለፍ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 15,000 ዩሮ ለ30 በመቶ ማለት ድርጅቱ ገንዘብህ ገብቶ 50,000 ዩሮ ያወጣል ማለት ነው። 10 በመቶ ብትል 150,000 ነው። የሚከፍል ደንበኛ ለሌለው ድርጅት 150,000 ብዙ ይመስለኛል። ግን 30 መውሰድህም ኋላ ያንቃቸዋል። ሦስቱ መሥራቾች የቀረውን 70 ተካፍለው፣ ነገ ሌላ ባለሀብት ሲመጣ እንደገና ተቀንሶባቸው፣ ቀን ከሌት የሚለፉት ለማን ነው? የሚመጣው ባለሀብትም ወረቀቱን ሲያይ «ይሄ ጀርመን ያለው አጎት ምን ሠርቶ ነው?» ይላል። እኔ ብሆን 15 በመቶ አካባቢ እቆማለሁ። እሱንም በሦስት ዙር፣ በየዙሩ 5,000 ዩሮ ለ5 በመቶ።

የመጀመሪያው ዙር ወረቀት ሲሟላ ይሁን። ድርጅቱ ተመዝግቧል? ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የመመሥረቻ ጽሑፍ አለው? ካልተመዘገበ ድርሻ የሚባል ነገር የለም። ለእህትህ ልጅ ገንዘብ ሰጠህ፣ አለቀ። ሁለተኛው ዙር አንድ ላኪ ወይም ማኅበር እውነተኛ ገንዘብ ሲከፍላቸው። ሲከፍላቸው ነው ያልኩት። የመግባቢያ ሰነድ መፈራረም አይቆጠርም። እኛ አገር የመግባቢያ ሰነድ ከባነር ጋር ፎቶ ለመነሳት ነው የሚያገለግለው። ሦስተኛው ዙር ያ ደንበኛ ተመልሶ ሲመጣ። መጀመሪያ ሰው በዝምድናም በጉጉትም ይከፍላል፤ ሁለተኛ ሲከፍል ግን ጠቅሞት ነው።

በወረቀቱ ላይ አንድ ነገር እንዳትረሳ፣ ይሄ ለአንተ ብቻ ሳይሆን ለእነሱም ነው። ሦስቱ ጓደኛሞች ድርሻቸውን ዛሬ እኩል ተካፍለው ይሆናል። ነገ አንዱ ዲቪ ቢደርሰውስ? አንዱ አዲስ አበባ ባንክ ቢቀጠርስ? ሲሶውን ይዞ ይሄዳል፤ ሁለቱ ለእሱ ይሠራሉ። በስታርትአፕ ዓለም የተለመደው ድርሻው በ4 ዓመት ውስጥ እየሠሩ የሚጸና እንዲሆን ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ያልጨረሰ ባዶ እጁን ይወጣል። ይሄን በአባላት ስምምነት ያስፍሩት። ጠበቃ ያስፈልጋል። ከኢንተርኔት የወረደ የአሜሪካ ውል ተርጉማችሁ እንዳትፈርሙ፤ «ሴፍ» የሚባለውን፣ ገንዘቡን ዛሬ ድርሻውን ኋላ የሚለውን ውል፣ ጨምሮ። እነዚያ ለሌላ አገር ሕግ የተጻፉ ናቸው። የኛ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው፤ ጠበቃውም እሱን የሚያውቅ ይሁን።

ሌላው፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ሰው ፒኤልሲ የሚለው፣ ውስጥ ያለ ድርሻ እንደ ባንክ አክሲዮን ለፈለጉት ሰው ብድግ አድርገው የሚሸጡት አይደለም። የሌሎቹን አባላት ስምምነት ይፈልጋል። ቢፈቅዱልህም ማን ይገዛሃል? በ2017 የተከፈተው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ለእንደዚህ ዓይነት ሦስት ልጆችና አንድ አፕ አይደለም። ድርሻህ ለብዙ ዓመት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ልትበላው ያሰብከው ገንዘብ ከሆነ አታስገባው።

የዜግነትህን ነገር አስቀድመህ ጨርስ። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ተጣምሮ ሲገባ ቢያንስ 150,000 ዶላር ይጠየቃል። አንተ ያን የለህም፤ አያስፈልግህምም። ቢጫ ካርድ ስላለህ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ልትቆጠር ትችላለህ። ግን እንደ አገር ውስጥ ገብተህ ትርፉን እንደ ውጭ ባለሀብት በዩሮ ላውጣ ማለት አይቻልም። ከመፈረምህ በፊት ይሄን ለጠበቃው ጥርት አድርገህ ጠይቀው።

ገንዘቡ በባንክ ይምጣ፤ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ። ሻንጣ ይዞ ለሚመጣ ሰው አትስጥ፤ በጎን የሚመነዝረውም የተሻለ ዋጋ ቢሰጥህ እንዳትጓጓ። ደረሰኝ ከሌለ ገንዘብ ማስገባትህን የሚያስረዳልህ የለም። ድርሻህ የሚጻፈው በብር ነውና ዩሮውንና የቀኑን ምንዛሪ ስምምነቱ ላይ አስፍሩ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ከዚያ በፊት በብር ብቻ የተስማሙ ሰዎች ኋላ «እኔ ያስገባሁት ይሄን ያህል ነበር» ሲባባሉ ኖረዋል።

የአማካሪነቱ ድርሻ? አትጠይቅ። ገንዘብ ሳያስገባ ለሚመክር ሰው ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ይሰጠዋል፤ አንተ ግን ባለድርሻ ልትሆን ነው፤ ምክሩ ከዚያው ነው።

አንድ ሌላ የምትረዳቸው ነገር አለ፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ሰርቨርና የካርታ አገልግሎት የሚከፈለው በዶላር ነው። ከብር ሒሳብ ይሄን መክፈል ለእነሱ ቀላል አይደለም። አንተ በካርድህ ትከፍላለህ። ጥሩ ነው፤ ክፍያውንም ከዙሩ ላይ አስቡት። አካውንቱ ግን በድርጅቱ ኢሜይል ይከፈት እንጂ በአንተ ስም አይሁን። አለበለዚያ አንድ ቀን ስትኳረፉ፣ ወይም ካርድህ ጊዜው ሲያልፍ፣ የገበሬው መረጃ በሙሉ አንተ ጋ ታግቶ ይቀራል። ሳታስበው ጌታቸው ትሆናለህ።

አሁን ወንድምህ። ታላቅ ወንድም ነው፤ ጡረታ ወጥቷል፤ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ብለህ ይሆናል። ግን ምን ያድርግ ትለዋለህ? ቢሮ ይሂድና «ስንት ገበሬ መዘገባችሁ?» ይበል? እነሱ የሚሉትን ነው መልሶ የሚነግርህ። ኮምፒውተር ላይ የተቀመጡትን ልጆች ሥራ ፈት፣ ገጠር የወጡትን ጠፉ ይላቸዋል። እሱ አንድ ቅሬታ በነገረህ ቁጥር እህትህ «ልጄን ሊያስጠላብኝ ነው» ትላለች። የሁለት ዓመት የቤተሰብ ኩርፊያ ለመግዛት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ሙሉ ውክልና ደግሞ ቤትህንም ሒሳብህንም የሚነካ ሥልጣን ነው፤ ለአንድ ስታርትአፕ ጉዳይ ያን ያህል ምን አስፈለገ? የመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ የሚፈርምልህ ሰው ካስፈለገ በኤምባሲው በኩል ልዩ ውክልና ስጥ፤ ለዚያ ፊርማ ብቻ። እሱም ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ውልና ማስረጃ ማለፉ አይቀርም። ከተፈረመ በኋላ ወንድምህ አጎት ሆኖ ይቀጥል።

ሒሳብን በተመለከተ ከወንድምህ የሚሻል አለ። ጅማ ላይ በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ይቀጠር። በየወሩ የባንክ መግለጫውንና ወጪ ገቢውን ለእነሱም ለአንተም በአንድ ላይ ይላክ። ሰላይ አይደለም፤ የድርጅቱ ሠራተኛ ነው። ግብር ሲመጣም ይጠቅማቸዋል።

ሪፖርቱ በየሳምንቱ አይሁን። ሦስት ሰዎች ባሉበት ድርጅት ሳምንታዊ ሪፖርት ማለት ሐሙስን ሪፖርት በመጻፍ ማባከን ነው። በወር አንዴ፣ በቴሌግራም፣ ከፈለጉ በድምፅ። ባንክ ውስጥ ስንት ብር አለ? ለስንት ወር ይበቃል? ስንት ማሳ ተመዘገበ፣ ስንቱ ተመርምሮ ትክክል ሆነ? ማን ከፈለ? በዚህ ወር የከፋው ነገር ምን ነበር? የመጨረሻዋ ጥያቄ ባዶ ሆና ከመጣች ሪፖርቱን መልስላቸው። ምንም ያልተበላሸበት ወር በእንደዚህ ያለ ሥራ ላይ የለም።

ለእህትህ ምን ትላታለህ? እውነቱን። «ይሄ ለልጅሽ የምሰጠው ስጦታ አይደለም። ከሦስት ልጆች ጋር የምገባው ንግድ ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ንግዶች ይወድቃሉ። ቢወድቅ በልጅሽም በአንቺም አልቀየምም፤ ቢሳካም ያሳካሁት እኔ አይደለሁም።» ይሄን ከመፈረምህ በፊት በላት፤ ሌሎች ዘመዶችም ይስሙ። እናም ራስህን ጠይቅ፦ 15,000 ዩሮው ጠፍቶ በሚቀጥለው ፋሲካ ከእሷ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ያለ ቅሬታ ትቀመጣለህ? ካልተቀመጥክ መጠኑን ቀንስ። እስክትቀመጥ ድረስ ቀንሰው፤ 5,000 ቢሆንም ይሁን። ለልጁ በግሉ ልትረዳው ከፈለግክ ደግሞ ለብቻው፣ በስሙ፣ ስጦታ ብለህ ስጠው። ሁለቱን ካደባለቅካቸው ስጦታህ ዕዳ ይመስለዋል።

ጊዜውም የራሱ ነገር አለው። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ያኔ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ገበሬውም ማሳው ላይ ይገኛል። ልጆቹ ብዙ የሚሠሩት፣ ብዙ የሚያወጡትም ያኔ ነው። የመጀመሪያው ዙር ጥር ላይ ቢደርስ ዓመቱ አመለጣቸው ማለት ነው። ወረቀቱን በክረምቱ ጨርሱ። አንተም ዕረፍትህን ለገና አታስቀምጠው፤ ኅዳር ላይ ና። ስትመጣ ሆቴል ተቀምጠህ ፓወርፖይንት አትመልከት። መረጃ ሰብሳቢዎቹን ይዘህ አጋሮ ውረድ፤ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከእነሱ ጋር ማሳ ለማሳ ዙር። ዝም ብለህ ተመልከት፤ አፑን ገበሬው እንዴት እንደሚያየው እይ። ወንድምህን ግን ቤት ተወው።

እስከዚያው ከሁለቱ ጓደኞች አንዱን ዛሬ ደውልለት። ምናልባት ካንተ ጋር ለብቻው አውርቶ አያውቅም፤ መጀመሪያ ይደነግጥ ይሆናል። በየወሩ የምትነጋገሩበትን ቀንና ሰዓት ያዙ። «በሦስት ሰዓት» ካለህ ደግሞ የማን ሦስት ሰዓት እንደሆነ አጣራ። የጅማ ጠዋት ሦስት ሰዓት አንተ ጋ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ እንደ ወሩ ጠዋት 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። ሰው ከሰው የሚቀያየመው በእንደዚህ ዓይነቱም ነገር ነው።